የኡሙልኸይር የልክ ደብተር

ሀዋሳ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደሊል፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መልሱን ሳልሰማ ወደ ራሴ ጉዳይ መግባቴን ይቅር ይበሉኝ። ሞገስ መናኸሪያ ቆሞ ቅጥቅጥ አውቶቡሱን እያሞቀ ነው፤ ደብዳቤውን ካልሰጠሁት ጥሎኝ ይሄዳል። ጆሮዎ ስልክ ባይችልም ዓይንዎ ደብዳቤ ስለቻለ ደስ ይለኛል። በስልክ ብሆን ይህን ሁሉ አልናገርም ነበር።

«እኔ ያላስተማርኩሽ ምን ያስተምሩሻል?» ላሉኝ፤ መስፋት አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ለአራት ወር ልምምድ የመደበኝ ሐይቅ ዳር፣ ከሆቴሎቹ ፊት ለፊት ያለ የልብስ ሱቅ ነው። ከኋላው ስፌት ቤት አለው። ባለቤቷ ሩታ ትባላለች። የምማረው መርቸንዳይዚንግ የሚሉትን ነው፤ የትኛው ቀሚስ በዓይን ትይዩ ይሰቀላል፣ የትኛው ታጥፎ ከታች ይቀመጣል፣ ሰው ከበር ሲገባ ለምን ወደ ቀኝ ይዞራል። እውነትም ወደ ቀኝ ይዞራል። ሦስት ቀን ቆሜ ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ በር ስገባ እግሬን ማመን አቅቶኛል።

ሩታ አንድ ሥራ ሰጥታኛለች። ከውጭ የሚመጣው የልብስ ቁጥር ለእኛ ሴቶች አይሆንም፤ ደረቱ ሲስማማ ዳሌው ይጠባል፣ ትከሻው ይወርዳል። «የመቶ የአገራችን ሴት ልክ አምጪና የራሳችንን ቁጥር እናውጣ» አለችኝ። እዚህ ማንም አያውቀኝም። ሜትር ይዤ መንገድ ላይ ሴት ላስቁም?

የባለቤትዎ የእትዬ ኡሙልኸይር ደብተር ትዝ አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ ለክተው ቁጥሩን ሲጠሩ፣ እርስዎ ከወዲህ ጀርባዎን ሰጥተው የጻፉበት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት፣ እሳቸው ሲታመሙ፣ ለክቼ የጠራሁት እኔ ነበርኩ።

ለአንድ ወር ቢያውሱኝ? እምቢ ቢሉኝ አልቀየምም። ይህን የጻፍኩት እምቢ እንዳይሉኝ ነው።

የጎረቤትዎ የወለተጊዮርጊስ ልጅ፣
ሮሆቦት


ቅበት፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሮሆቦት፣

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ አጥሩን ለማሠራት ሰው ይዛለች።

በሞገስ «የዘገዩት ቅር ብሎዎት ነው?» ብለሽ ላስጠየቅሽኝ፣ አይደለም። ደብተሩን ከሳጥን ለማውጣት ሁለት ጁምዓ አለፈብኝ። ኡሙልኸይር ከሞተች በዚህ ረመዳን ዓመት ይሞላታል። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ስገልጠው የምፈልገውን ቁጥር አይቼ እዘጋዋለሁ፤ ተቀምጬ አላየሁትም።

በአቡጀዴ ጠቅልዬ ለሞገስ ሰጠሁት። «ምንድነው ጋሼ፣ ወርቅ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። «የከተማው ሴት ሁሉ ነው» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በኋላ ግን መሳቄ ደስ አላለኝም።

ሁለት ነገር እወቂልኝ። ስም ለማንም አታሳዪ። እነዚህ ሴቶች ልካቸውን ለባሎቻቸው እንኳ አይናገሩም፤ የሰጡት ለኡሙልኸይር ነው። ሁለተኛው፣ ከአረፋ በፊት ደብተሩን ይዘሽ ነይ። ለአረፋ አገሬው ከያለበት ይመጣል፣ ሴቱ ሁሉ ያሰፋል፤ እኔ ደግሞ ሴት አልለካም። ያለሽኝ አንቺ ነሽ። የዘንድሮ አረፋ ካመለጠኝ ሴቶቹ የተዘጋጀ ልብስ ይለምዳሉ። ከለመዱ አይመለሱም።

የጨርቅ መቀስሽን ወረቀት አትቁረጪበት። አውቅሻለሁ።

ደሊል


ሀዋሳ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደሊል፣

የጾሙ ወር እንዴት ይዞዎታል? ደብተሩ ሳይረጥብ ሳይታጠፍ ደርሶኛል። በሞገስ ላስጠየቁኝ፤ አዎ፣ የምሠራበት ክፍል ይቆለፋል። አዎ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ስሞቹን አንድ በአንድ በወረቀት ሸፈንኳቸው። ብዙዎቹን ሳልሸፍናቸውም ከቁጥራቸው አወቅኋቸው። ደረት ዘጠና ስምንት፣ ወገብ ሰባ ስድስት ሲል የሴትየዋ አረማመድ ይታየኛል። ይህ ያስፈራኛል፤ ለምን እንደሚያስፈራኝ ግን አላውቅም።

ቆራጩ ዮፍታሄ መጥቶ በትከሻዬ ላይ አየና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ከዩኒቨርሲቲሽ መጽሐፍ ሁሉ ይበልጣል። ማነው የጻፈው?» አለኝ።

«ልብስ ሰፊ ናቸው።»

«ሰፊማ እኔም ነኝ። ሃያ ዓመት ሠርቼ የጻፍኩት የደንበኛ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሹን ተሳስቼ።»

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በየገጹ ዳር በዓረብኛ ፊደል የተጻፈው የእትዬ ኡሙልኸይር እጅ ነው። ልጅ ሆኜ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ዱዓ ነው፣ ለባለልብሷ» ብለውኛል። ልሸፍነው ወይስ ይቅር? ሩታ ከፋሲካ በኋላ አዲሶቹን ልብሶች የምታሳይበት መክፈቻ አላት፤ ከደብተሩ አንድ የሚያምር ገጽ ብታሳይ ትወዳለች። ስም አይታይም፣ ተሸፍኗል። ዱዓ መሸፈን ግን ነውር መሰለኝ።

ሮሆቦት


ቅበት፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ዒድ ነው። የኡሙልኸይር ዓመትም በዚሁ ሰሞን ዋለ። ሰው መጣ፣ ቁርአን ተቀራ፣ ሰው ሄደ። ቤቱ ከሰው በኋላ ይሰፋል።

ስለ ዳሩ ጽሑፍ ለጠየቅሽኝ፤ ኡሙልኸይር ዱዓ ነው ካለችሽ እኔ ምን እጨምርበታለሁ። ባለበት ይቆይ። ስለ ገጹም አንቺ ታውቂያለሽ።

የምስራች ደግሞ አለ። ኸይሪያን ታስታውሻለሽ፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሀዋሳ የሚነግድ የአገራችን ሰው ጠየቃት፣ እሺ አለች። ኒካው ከአረፋ በኋላ ነው። ሱቅ መጥታ «ቀሚሴን ከእርስዎ እጅ በቀር አላሰፋም» አለችኝ። «ሮሆቦት ስትመጣ ትለካሻለች» አልኳት። «እሷ ከሆነች እሺ» አለች።

ስለዚህ ቀን እንዳትስቺ።

ደሊል


ሀዋሳ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደሊል፣

በሞገስ «መክፈቻው እንዴት አለፈ?» ብለው ስላስጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ነበር። ሰው ከበር ገብቶ ወደ ቀኝ ዞረ። በስተቀኝ ያለው ግድግዳ የእኔ ነበር።

ሩታ ገጹን አስፍታ አሳተመችው። ትንሽ ትልቅ ሆነ። እሺ፣ የግድግዳውን ያህል ሆነ። ቁጥሮቹ ክንድ ያህላሉ፤ የዳሩ ጽሑፍ ደግሞ እንደ ሐረግ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ሰዎች ፊቱ እየቆሙ ፎቶ ተነሱ። ሩታ ለሁሉም «የእኛ ተለማማጅ ናት ያመጣችው» ስትል ዋለች። ስሜን አላለችም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

አንድ ሰው ብቻ ፎቶ አልተነሳም። ከዳሩ ጽሑፍ ፊት ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆየ። ቀረብ አልኩት።

«ያምራል አይደል?» አልኩት።

«ይሄ ከየት ነው የመጣው?»

«ከቅበት ነው» አልኩት። በኩራት ነበር የተናገርኩት።

ያየኝ አስተያየት ደግ አልነበረም። የያዘውን ለስላሳ ሳይጠጣ መደርደሪያው ላይ ትቶት ሄደ። ይህን ለምን እንደምጽፍልዎት አላውቅም። ብርጭቆውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይታየኛል።

በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መጥቼ መለካት እጀምራለሁ።

ሮሆቦት


ቅበት፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሮሆቦት፣

እንደምን ከርመሻል። እኛ ዘንድ ዝናቡ ጥሩ ነው። የእናትሽ አጥር አልቋል። እኔም ጉልበቴን ትንሽ አመመኝ እንጂ ደህና ነኝ። ሞገስ ጎማ ቀይሯል።

ደብተሩን ከእሱ ጋር ዛሬውኑ ላኪልኝ። ግድግዳው ላይ ያለውንም አውርጂው። ለምን አትበይኝ። እናትሽንም በስልክ አትጠይቂያት፤ በሰው አፍ የሚላክ ነገር አይደለም።

ደሊል


ሀዋሳ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደሊል፣

ደብተሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ገጾቹን ቆጥሬያለሁ፤ ሁሉም አለ።

ግድግዳው ወርዷል። ሩታን ስጠይቃት «ሰው የሚመጣው እሱን አይቶ ነው። ለምን እንደሆነ ንገሪኝና ላውርድ» አለችኝ።

«እኔም አላውቅም።»

«እንግዲያውስ ይቆያላ!»

ዮፍታሄ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሆኖ ሰምቶናል። በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት መሰላል ተሸክሞ መጣ። «ሽማግሌ አውርዱ ካለ ይወርዳል። ምክንያቱ በኋላ በእግሩ ይመጣል» አለ። ስናወርደው ከጥጉ ተቀደደ። ሩታ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም፤ ለዮፍታሄ እየነገረች በእሱ ታዘኛለች።

እናቴን አልጠየቅኋትም። ስትደውል ግን «ደህና ነን» ብላ ቶሎ ትዘጋዋለች፤ እንደ ወትሮዋ አይደለችም።

ጋሼ፣ ምን አደረግሁ?

ሮሆቦት


ቅበት፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ምን እንዳደረግሽ ከመንገሬ በፊት እኔ ያደረግሁትን ልንገርሽ።

የዳሩ ጽሑፍ ዱዓ አይደለም። ኡሙልኸይር ከመጋረጃው ጀርባ ያየችውን ለእኔ የምታስታውቅበት ነው። ባልና ሚስት ብንሆንም የሌላ ሴት ገላ በአፏ አታነሳም ነበር። ትጽፈዋለች፣ አነበዋለሁ፣ እንደዚያው እሰፋለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም። «እርጉዝ ናት፣ ገና አልተናገረችም፣ ወገቡን ልቀቅላት።» «አንገቷ ሥር ጠባሳ አለ፣ ኮሌታው ከፍ ይበል።» በዓረብኛ ፊደል፣ በስልጥኛ ስለሆነ ሱቅ የገባ ሁሉ አያነበውም። አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ ዱዓ ነው አለችሽ።

ስትጠይቂኝ መንገር ነበረብኝ። ብዕሩን አንስቼ ነበር። ብነግርሽ እሷን በዓመቷ ዋሾ የማደርጋት መሰለኝ፤ አለፍኩት።

የሰቀልሽው ገጽ የኸይሪያ ነው። በአማርኛ የተጻፈውን ስሟን ሸፈንሽ። በዳሩ ጽሑፍ ውስጥ ግን ከነአባቷ አለ። «የግራ ጡቷ አዲስ አበባ በሕክምና ወጥቷል። ከእህቷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ልብሱን ከውስጥ በጥጥ ሙላው።» ያ ቆሞ ያነበበው ሰው የእጮኛዋ ወንድም ነው።

ኸይሪያ እኔ ጋ መጣች። እንደምታውቂው እኔ እንድሰማ መጮህ ያስፈልጋል። በሩን ዘጋችና ጮኸች።

«እሱ አልተወኝም፣ ጋሼ። 'ምን አለበት' አለኝ። እኔ ግን ለአረፋ ሲመጣ ልነግረው ነበር! ስንት ጊዜ ለብቻዬ ተለማምጄዋለሁ መሰለዎት? አሁን ከወንድሙ ሰማ። ወንድሙ ለሚስቱ ነገራት። እዚያ ቤት ገብቼ ደረቴን እያዩ ምሳ ሊያበሉኝ ነው? አልሄድም። ይቅር።»

ኒካውን ያፈረሰችው እሷ ናት። ሰውየው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል፤ አልተቀበለችም።

ልትወጣ ስትል «ያቺ ልጅ አንብባው ነው የሰቀለችው?» አለችኝ።

«ማንበብ አትችልም» አልኳት።

«እንግዲያውስ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ደሊል


ሀዋሳ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደሊል፣

አምስት ቀን ሙሉ የትኛውን ጥፋት እንደማስቀድም አላወቅሁም። እንደመጡልኝ እጽፋቸዋለሁ።

ግድግዳ አላልኩዎትም። ገጽ ነው ያልኩት። ያኔ ሩታ ግድግዳ ማለቷን ሰምቼ ነበር። ግድግዳ ብል እምቢ እንደሚሉ አውቅ ነበር ማለት ነው። እንደማውቅ ግን አላውቅም ነበር። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሊገባኝ አልቻለም፤ ሆኗል።

ሩታ «የትኛውን ገጽ?» ስትለኝ ዳሩ በብዛት የተጻፈበትን መረጥኩ። ብዙ ዱዓ የተደረገላት ሴት ብዬ።

«ከየት ነው?» ሲለኝ «ከቅበት» አልኩት።

እርስዎ ነዎት ማለቷን እያነበብኩ፣ እኔ አይደለሁም የሚል ትንሽ ነገር ደረቴ ውስጥ ተነፈሰ። ለአፍታ ነው። እሱንም ይወቁት።

ያወጣሁትን የልክ ሠንጠረዥ ከሩታ ላይ መልሼ ወሰድኩ። «ቁጥር እኮ ስም የለውም፣ ሮሆቦት» አለችኝ፤ ከሳምንት በኋላ ስሜን መጥራቷ ነው። ለእኔ እያንዳንዱ ስም አለው አልኳት። ያለ ሠንጠረዡ የልምምድ ሪፖርቴ ጎዶሎ ነው። መምህሬ ልምምዱን ለከርሞ እንድደግም ነገሩኝ። ይህን የጻፍኩት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ምናልባትም ነው።

ልምጣ ወይ? ኸይሪያ እግር ላይ ልውደቅ። ሴቶቹ እሺ ካሉም ልለካ፤ እስከ አረፋ አሥር ቀን አለን።

ሮሆቦት


ቅበት፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሮሆቦት፣

አትምጪ።

ወሬው ደርሷቸው ቅዳሜ ዕለት ሴቶቹ አሥራ ሰባት ሆነው ሱቅ ገቡ። በቁጣ የተናገረ የለም። «ገጻችንን ይስጡን» አሉኝ። በምላጭ እየቆረጥኩ ለየባለቤቱ ሰጠሁ። አንዷ እዚያው ቆማ አነበበችው። ስለራሷ የተጻፈውን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። አጣጥፋ ከደረቷ ሥር ከተተችውና «ኡሙልኸይር ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ገበያ ስታገኘኝ ስለ ሽንኩርት የምታወራኝ?» አለች። ፊቷን አዙራ ሳቀች ወይስ አለቀሰች፣ አልሰማሁም።

ትናንትና ዛሬ ሌሎቹ መጡ። የኸይሪያን እህቷ ወሰደችው። የሞቱትን ለልጆቻቸው ልስጥ ብዬ አሰብኩ፤ ልጅ የእናቱን ይህን ማወቅ አለበት? አቃጠልኩት።

ለአረፋ የሴት ልብስ አልሰፋም። ሴቶቹ ወራቤ ሄደው የተዘጋጀ ገዝተዋል። እንደሚያምርባቸው እናትሽ ነገረችኝ። መጋረጃውን አውርጄ የጨርቅ መደርደሪያ አደረግሁበት። የተማሪ ልብስና ሱሪ ይበቃኛል።

ራስሽን ከልክ በላይ አትውቀሺ። ይቅርታ የምትጠይቂው ኸይሪያ ልስማ ስትል ነው፤ አንቺ ልናገር ስላልሽ አይደለም። እኔም እየጠበቅሁ ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ቀረ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆንሽ ለትምህርት ቤት ልብስ የተለካሽበት ነው። የየባለቤቱን ሰጥቼ የአንቺን ማስቀረት አልችልም። ይኸው።

ደሊል


ሀዋሳ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደሊል፣

ገጹ ደርሶኛል። ዳሩ ላይ ሁለት መስመር አለ።

ለምን እንዳላስነበብኩት ቢጠይቁኝ ይህን እላለሁ። ከአረፋ በኋላ ሱቆች ሲከፈቱ ገበያ ሄድኩ። ክርና ዚፕ ከሚሸጡት የአገርዎ ሰዎች አንዱ ጋ ቆምኩ። ጺማቸው የሸበተ፣ ደግ ሰው ይመስላሉ።

«ምን ልስጥሽ የኔ ልጅ?»

«ይህን ቢያነቡልኝ ብዬ ነው።»

«አምጪዋ!» እጃቸውን ዘረጉ።

ወረቀቱ ከቦርሳዬ ግማሽ ወጥቷል። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው እየወለወሉ ነበር። ጎናቸው አንዲት ሴት ቁልፍ ትመርጣለች። የሚያነቡት ጮክ ብለው ይሆን? በልባቸው ቢያነቡትስ፣ ከዚያ በኋላ ሲያዩኝ የት ያዩኛል?

«ነጭ ክር አለዎት?» አልኳቸው።

«የሚነበበውስ?»

«ቤት ረስቼው መጣሁ።»

አሥር ጥቅል ነጭ ክር ገዝቼ ወጣሁ። ሐይቅ ዳር ድረስ ባጃጅ ሳልይዝ ሄድኩ።

የዚያን ዓመት የትምህርት ቤት ልብሴ እጅጌ ከሁሉም ልጅ ይረዝም ነበር። ጓደኞቼ ሲስቁብኝ ሰፊው ተሳስቶ ነው እላቸው ነበር። እርስዎን ነበር የማማው። አባቴ ጥሎን ከመሄዱ በፊት ያለው ዓመት ነው። ክንዶቼ ላይ የቀበቶው ምልክት ነበር፤ እኔም እናቴም ለማንም አልተናገርንም። ማንም አላየም ብዬ ነው እስከዛሬ የኖርኩት።

የተጻፈው ይህ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። አይንገሩኝ።

ልምምዱ ነገ ያበቃል። ሩታ ለከርሞ እንድመለስ ጠይቃኛለች፤ መልስ አልሰጠኋትም። እንዳሉኝ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ድረስ ኸይሪያ ልስማ ያለች ዕለት የምልከውን ልጽፍ አራት ጊዜ ጀምሬ አራቱንም ቀደድኳቸው። በአምስተኛው ወረቀት ላይ ያለው ስሟ ብቻ ነው። እሱንም ጽፌው አሁን በመዳፌ ሸፍኜዋለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ሮሆቦት